ማሲንቆው ቁይ እስኪደርስ፦ የአንድ ትንሽ ከተማ ሬዲዮ እንዴት ይሠራል?

እሑድ ጠዋት፣ ቁይ። የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ገና አልተንቀሳቀሰችም። አክስቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና እየቆላች ነው። መደርደሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ሬዲዮ ማሲንቆ ታሰማለች፤ አዝማሪው ግጥሙን ሳይጀምር ገመዱን ብቻ እያስለቀሰ ነው። በመካከሉ ድምፁ ሻከረና ወንፊት ላይ እንደሚናጥ ዱቄት ሽሽ አለ። አክስቴ መቁያውን ሳትለቅ በግራ እጇ ሬዲዮዋን አንድ ስንዝር ወደ መስኮቱ ገፋቻት። ማሲንቆው ጥርት ብሎ ተመለሰ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለችኝ። «አንተ ተምረሃል፤ ንገረኝ። ሰውየው ያለው ሩቅ ነው። አንድ ስንዝር ብትጠጋ ምን ይፈይዳል?»

ጥያቄው ከስንዝሩ የሰፋ ሆነብኝ። ስንዝሯን ለማስረዳት ሞገዱን ማስረዳት ግድ ነው፤ ሞገዱን ለማስረዳት ደግሞ ስቱዲዮው ውስጥ ገብቶ ከአዝማሪው መነሣት ያስፈልጋል። አቦል ላይ የጀመርኩት ወሬ ቶናን አልፎ በረካ ላይ ደረሰ። እዚህ የማሰፍረው ያንኑ ነው፤ እዚያ የዘለልኩትን ጨምሬበት።

ማሲንቆ አንድ ገመድ ብቻ አለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ደጋን መሰሉ መምቻም የተወጠረበት የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ እንዲሁ ቢሳብ ይንሸራተታል እንጂ አይዘፍንም፤ ስለዚህ ዕጣን ወይም ሙጫ ይቀባል። የተቀባው ጭራ ገመዱን ይይዘዋል፤ ጥቂት ወደ ጎን ይስበዋል፤ ከዚያ ገመዱ ያመልጠዋል። እንደገና ይይዘዋል፣ እንደገና ያመልጠዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ይደጋገማል። አዝማሪው በጣቱ ገመዱን ሲነካው የሚርገበገበው ክፍል ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ገመዱ ብቻውን አየር ለመግፋት በጣም ስስ ስለሆነ ርግብግቡን በማሲንቆው ሣጥን ላይ ለተለበጠው ቆዳ ያስረክባል፤ እኛ የምንሰማው ቆዳው አየሩን ሲገፋና ሲስብ ነው።

ነገር ግን ገመዱ ሲያመልጥ ለስለስ ብሎ አይመለስም፤ ወርወር ይላል። በዚህ ምክንያት ከዋናው ድምፅ ጋር ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ የፈጠኑ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ለአክስቴ «አጃቢዎች» አልኳቸው። ሙሽራው አንድ ነው፤ ሠርጉን ሠርግ የሚያደርጉት ግን አጃቢዎቹ ናቸው። ዋሽንትና ማሲንቆ አንድ ዓይነት ከፍታ ላይ ሲጫወቱ እንኳ ማናቸው ማን እንደሆኑ የምናውቀው በአጃቢዎቹ ብዛትና አሰላለፍ ነው። ማሲንቆ አጃቢው ብዙ ነው፤ ያ የሚያሳክክ፣ አንጀት የሚበላ ነገሩ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ከስቱዲዮ እስከ ቁይ ባለው መንገድ በየበሩ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሙሽራው ማለፉ አይቀርም፤ አጃቢዎቹስ ስንቶቹ ያልፋሉ?

የመጀመሪያው በር ማይክሮፎን ነው። በብዙ ስቱዲዮዎች የሚገኘው ዓይነት ውስጡ ስስ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ተለጥፏል፤ ጥምጥሙ የሚያርፈው በማግኔት መካከል ነው። አየሩ ሽፋኑን ሲገፋው ጥምጥሙ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሽቦ በማግኔት አጠገብ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እንቅስቃሴው የማሲንቆውን መልክ የያዘ ስለሆነ ኤሌክትሪኩም ያንኑ መልክ ይይዛል። መጠኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ከአንድ የባትሪ ድንጋይ ጉልበት የሺህ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ወዲያው ይጎላል።

አክስቴን ያስገረማት እዚህ ላይ የነገርኳት ነው። የራሷን ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ብትፈታው የምታገኘው ያንኑ ሽፋን፣ ያንኑ ጥምጥም፣ ያንኑ ማግኔት ነው። አንደኛው ከእንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሌላኛው ከኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ። በሁለቱ መካከል ያለው ማማ፣ ሞገድ፣ ተራራ ሁሉ ስቱዲዮ ያለው ሽፋን ያደረገውን ቁይ ያለው ሽፋን እንዲደግመው ለማድረግ የተዘረጋ ረጅም ገመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ገመዱ አለመታየቱ ነው።

ማይክሮፎኑ የሚቆምበት ቦታ ከዋጋው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በጣም ከተጠጋ የመምቻው ሽክሽክታ ይጎላና የቆዳው ድምፅ ይሸፈናል። ከራቀ ደግሞ ማሲንቆው ከክፍሉ ማሚቶ ጋር ተቀላቅሎ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ወደ ቆዳው ፊት ሲያይ ብዙውን ጊዜ መልካም ይሆናል። ችግሩ አዝማሪ መዝፈኑም ነው። አንድ ማይክሮፎን ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው አፉ ጋ ነው፤ ማሲንቆውም ከጉልበቱ ላይ ሆኖ ከታች የሚሰማ ይሆናል። ለአፍ አንድ፣ ለማሲንቆ አንድ፤ ሁለት ማይክሮፎን ትልቅ ወጪ አይደለም። አንድ ጣቢያ ለአገሩ ሙዚቃ ያለውን አክብሮት ለማወቅ ብጠየቅ መጀመሪያ የምቆጥረው ይህን ነው።

ከማይክሮፎኖቹ የመጣው ሁሉ ሚክሰር ላይ ይገናኛል። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ የአቅራቢውን ድምፅ፣ ማስታወቂያውን፣ ከኮምፒውተር የሚወጣውን ዘፈን ያፈራርቃል። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች የማያውቁት አንድ መሣሪያ አለ፤ የጎላውን ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ወደ አንድ ቁመት የሚያቀርብ። ለአውቶቡስ ተሳፋሪና ለወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጥሩ ነው፤ በጫጫታ መካከል ሆነው ይሰማሉ። ሲበዛ ግን እንጉርጉሮን ይጎዳል። በእንጉርጉሮ ውስጥ አዝማሪው ቀስ ብሎ የሚያነሣት፣ ከትንፋሽ የማትበልጥ ድምፅ አለች። መሣሪያው እሷን ጎትቶ ከጩኸቱ ጋር እኩል ያቆማታል፤ ሐዘኗም እዚያው ይቀራል።

ድምፅን ከአዝማሪው ነጥሎ ሩቅ መላክ በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሸክላ ግን ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ማጫወቻም ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሚገኙት ባለጸጋ ቤት ነበር። ድሃ ቤት ድረስ የዘለቀው ሬዲዮ ነው።

የገጠር ሙዚቃና ሬዲዮ ሲጋቡ ምን እንደሚሆን በጉልህ የታየው በአሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 28 ቀን 1925 ደብልዩ ኤስ ኤም የተባለው ጣቢያ ጂሚ ቶምፕሰን የተባሉ የ77 ዓመት አዛውንትን ቫዮሊናቸውን አስይዞ ማይክሮፎን ፊት አስቀመጣቸው። ከዚያ የተወለደው የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት ግራንድ ኦል ኦፕሪ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተላለፋል። ጣቢያውን ያቋቋመው የመድን ድርጅት ነበር፤ ገበሬው ለቫዮሊኑ ብሎ ይሰማል፣ በመካከል ስለ መድን ይነገረዋል። ቢል ሞንሮ በ1939 ወደዚያ መድረክ መጣ፤ በኋላ ብሉግራስ የተባለው ስልት ከእሱና ከጓደኞቹ ወጣ። በዚያ ስልት ጎልቶ የሚሰማው ባንጆ ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች ነው። ቫዮሊኑም ቢሆን መምቻው የፈረስ ጭራ ነው፤ ሙጫም ይቀባል። የጎጃም አዝማሪና ያ አዛውንት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ቋንቋ ሳያስፈልጋቸው ሙጫ ይዋዋሱ ነበር።

የእኛ ሬዲዮ መነሻ ግን ሌላ ነው። እዚያ ከመንደር ወደ ላይ አደገ፤ እዚህ ከላይ ወደ መንደር ወረደ። ከጣሊያን ወረራ ቀደም ብሎ አቃቂ ላይ የተተከለው ማሰራጫ የመንግሥት ነበር፤ ዋና ጉዳዩም አገሪቱ ለዓለም እንድትናገርበት ነው። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ያስተላልፍ የነበረው ብሥራተ ወንጌል የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ጣቢያ ሲሆን በአጭር ሞገድ ከኢትዮጵያ ውጪ ብዙ አገር ይደርስ ነበር፤ ደርግ ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በእነዚያ ዘመናት ጎጃም ውስጥ የሚሰማ ሬዲዮ ሁሉ የሩቅ ሬዲዮ ነበር ማለት ነው። ማሲንቆ ቢሰማም ማሲንቆው አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በአገራችን የተስፋፉት ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው፤ ባሕር ዳር በ96.9፣ ደሴ በ87.9 እያሉ ክልሉን ተከፋፈሉት። አንድ ከተማና በዙሪያው ያለው ገጠር ለራሳቸው የሚነጋገሩበት ሬዲዮ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

የቅርብ ሬዲዮ ከኤፍ ኤም ጋር የመጣበት ምክንያት ሞገዱ ውስጥ ስላለ ወደዚያ ልለፍ።

የማሲንቆ ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶም ይደክማል። ስለዚህ ተሸካሚ ይፈልጋል። በ100 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ማለት በሰከንድ 100,000,000 ጊዜ የሚወዛወዝ፣ ለጆሮ የማይሰማ ሞገድ የሚለቅ ጣቢያ ነው። ይህ ሞገድ በቅሎው ነው፤ ማሲንቆው ጭነቱ። ጥያቄው ጭነቱ በምን እንደሚታሰር ነው።

የቀድሞው መንገድ፣ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ የሚሠራበት፣ የበቅሎውን ጉልበት መለዋወጥ ነው፤ ማሲንቆው ከፍ ሲል ሞገዱ ይበረታል፣ ዝቅ ሲል ይደክማል። ችግሩ ጉልበት የሚለዋውጥ ሌላም ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ነው። በሐምሌ ጎጃም ላይ መብረቅ ሲወርድ እያንዳንዱ ብልጭታ የራሱን ሞገድ ይረጫል፤ ሬዲዮውም ያንን ከማሲንቆው መለየት ስለማይችል ይንኳኳል። የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራና ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ኤፍ ኤም ጉልበቱን እንዳለ ይተወውና ጭነቱን በርምጃው ላይ ያስራል። ማሲንቆው ሲገፋ 100,000,000 የነበረው ውዝዋዜ ቢበዛ እስከ 100,075,000 ይፈጥናል፤ ሲስብ እስከ 99,925,000 ይዘገያል። ተቀባዩ ሬዲዮ የሚቆጥረው ርምጃ ብቻ ነው፤ የጉልበቱን መለዋወጥ ቆርጦ ይጥለዋል፤ መብረቁም አብሮ ይቆረጣል። አክስቴ በክረምት ነጎድጓዱን በጆሮዋ ከሰማይ እየሰማች ሬዲዮዋ ግን ዝም ብላ የምትዘፍነው ለዚህ ነው።

ለአጃቢዎቹም በሩ ሰፊ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚያልፈው በሰከንድ እስከ 5,000 ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ነው፤ በኤፍ ኤም እስከ 15,000 ያልፋል። ንግግር በመጀመሪያውም ይገባል፤ ዜና ይደመጣል። ማሲንቆው ግን በመካከለኛ ሞገድ ሲመጣ ጋቢ ለብሶ የሚዘፍን ይመስላል፤ በኤፍ ኤም ጋቢው ይወልቃል።

ይህን ሁሉ ወደ አየር የሚለቀው ማሰራጫ የሚፈልገው ኃይል ሰዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። የአነስተኛ ከተማ የኤፍ ኤም ጣቢያ በጥቂት መቶ ዋት አንቴናውን ይዞ ከተማዋንና ዙሪያዋን ያዳርሳል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ምጣዷን ዞራ አየችው። አንድ እንጀራ የሚጋገርበት ኃይል ለአንድ ወረዳ ሬዲዮ ይበቃል ስላት አላመነችኝም፤ ግን እውነት ነው። ጣቢያዎችን በተደጋጋሚ ዝም የሚያሰኛቸው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን መቋረጡ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ማሲንቆው መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ለአዝማሪ ከዚህ የሚበልጥ ስድብ የለም።

ዋናው ነገር ከፍታ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ከተራራ ጀርባ ብዙ አይታጠፍም። በሜዳ ላይ ከመሬት 100 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና 4 ሜትር ላይ ላለ ሬዲዮ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይታየዋል። ከፍታው 400 ሜትር ቢሆን ወደ 90 ይጠጋል። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ግን ርቀቱን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው መሐንዲስ ገንዘብ ሲያገኝ ከማሰራጫው በፊት ኮረብታ ያያል። ስቱዲዮው ገበያ አጠገብ፣ ማማው ኮረብታ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል ድምፁን የሚያሻግር ሌላ ትንሽ የሬዲዮ መስመር ይዘረጋል።

ጎጃም ለዚህ ሥራ በረከትም ፈተናም ነው። ደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ማማ ሳይረዝም ሩቅ ያያል። ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጮቄ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከባሕር ዳር በኩል ለሚመጣ ሞገድ ጮቄ ትልቅ ግድግዳ ነው፤ በምሥራቁ ወገን ያለ ሰው ጥላው ሥር ይወድቃል። በዓባይ ሸለቆ የሚያልፍ መንገደኛም ወደ በረሃው ሲወርድ ሬዲዮው ቀስ በቀስ ይጠፋበታል፤ አቀበቱን ሲጨርስ ይመለስለታል። ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ በተቃራኒው የጣቢያው አጥር ይመስለኛል። ከተራራው ወዲህ ያለ ሁሉ አንድ ገበያ የሚገበያይ፣ አንዱ የሌላውን ሠርግ የሚያውቅ ነው። አቅራቢው «ያ ድልድይ ዛሬ ተሰብሯል» ሲል የትኛው ድልድይ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ስንዝሩ። ቁይ የደረሰው ሞገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በቀጥታ ይመጣል፤ ሌላው ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ፣ ሦስተኛው ከኮረብታ ነጥሮ ይመጣል። የዞረው መንገድ ረዥም ስለሆነ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ እኩል ሲገፉ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ይጣፋሉ። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ስለሆነ ከሚደጋገፉበት ነጥብ ወደሚጣፉበት ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጉብታዎችና ጉድጓዶች አሉ። ሬዲዮዋ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች፤ አክስቴ አንድ ስንዝር ስትገፋት ወጣች። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁ የሚለዋወጠውም ሰውነት ራሱ ሞገዱን ስለሚያነጥረውና ስለሚውጠው ነው። መስኮቱ የሚሻለው ደግሞ ቆርቆሮ ሞገድ ስለማያሳልፍ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት ሞገዱን የሚያስገባው በግድግዳውና በመስኮቱ በኩል ነው። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ ችግር ያንሳል።

እዚህ ላይ ለቁይ ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልናገር። አንቴናውን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ጥሩ ነው፤ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለትም የሞገዱ ሩብ ሲሆን ጥሩ ይቀበላል። ማቆሙ ካልረዳ ማጋደም መሞከር ነው፤ የሚበጀው ጣቢያው ሞገዱን በለቀቀበት አቅጣጫ ይወሰናል። በእጅ ስልክ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ይህን ይወቅ፤ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ ሬዲዮው የጆሮ ማዳመጫ ካልተሰካ የማይሠራው ሽቦው ራሱ አንቴና ስለሆነ ነው፤ ሽቦውን ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ከከተተው አንቴናውን ጠቀለለው ማለት ነው። ሬዲዮው ስቴሪዮ የሚል መምረጫ ካለውና ድምፁ ሽሽ ካለ ወደ ሞኖ መመለስ ሽሽታውን ብዙ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱን ጎን ለይቶ የሚሸከመው የሞገዱ ክፍል ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆሽሸው እሱ ነው።

የባትሪ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ከንቱ ልማድ አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሪክም በቀላሉ ያልፍበታል። አዲስ ኃይል አይጨመርበትም፤ በቅዝቃዜ ታስሮ የነበረው የመጨረሻው ጥሪት ይለቀቃል። በደጋ ቅዝቃዜ ማታ የሞተ ድንጋይ ረፋድ ላይ አንድ ሰዓት የሚዘፍነው ለዚህ ነው።

ሬዲዮዋ ከብዙ ጣቢያ መካከል አንዱን የምትመርጠው ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ ነው። ዥዋዥዌ የሚሄደው በራሱ ልክ ሲገፉት ብቻ ነው፤ ከልኩ ፈጥነህ ወይም ዘግይተህ ብትገፋው ይቆማል። መፈለጊያውን ስናዞር የሬዲዮዋን ዥዋዥዌ ልክ እንቀይራለን፤ ከእሱ ጋር የተስማማው ጣቢያ ብቻ ይወዛወዝበታል። ከዚያ የርምጃው መፍጠንና መዘግየት ወደ ኤሌክትሪክ መልክ ይመለሳል፤ ጥምጥሙ ማግኔቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ወረቀት መሰሉ ሽፋን አየሩን ይገፋል። በትንሽ ሬዲዮ ላይ ይህ ሽፋን የመዳፍ ግማሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ መግፋት ያቅተዋል። ለከበሮ ይህ ጉዳት ነው። ለማሲንቆ ግን እምብዛም አይጎዳም፤ አጃቢዎቹ ቀጫጭን ናቸውና በጠባቧ በር ይገባሉ። ማሲንቆ በትንሽ ሬዲዮ ላይ እንዲህ የሚያምረው በዚህ ይመስለኛል።

አክስቴ በረካውን እየቀዳች «ታዲያ እኛስ?» አለች። «እኛ የምንሰማ ብቻ ነን? የእኛ ሠርግ ላይ የሚጫወተው አዝማሪ እዚያ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው?»

በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ጣቢያ ብሎ ለይቷል፤ በ2013 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ብሮድካስትን አስቀጥሏል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የንግድ ጣቢያ በማስታወቂያ ይኖራል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሱቅ ጥቂት ነው። የማኅበረሰብ ጣቢያ የአካባቢው ሰው ራሱ የሚያቋቁመውና የሚያስተዳድረው ስለሆነ ለገጠር ከተማ ይቀርባል፤ የጤፍ ዋጋ፣ የክትባት ቀን፣ የጠፋ በሬ፣ ከዚያም ማሲንቆ።

ብዙ ጣቢያዎች የገጠሩን ሰው የሚያስገቡት በስልክ ነው። ለንግግር በቂ ነው፤ ለሙዚቃ ግን ስልክ ከበሮች ሁሉ ጠባቡ በር ነው። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 የሚርገበገበውን ብቻ ነው። የዘመኑ የእጅ ስልክ ደግሞ የሰው ንግግር እንዲመርጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ማሲንቆን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል። አዝማሪ በስልክ መስመር ሲጫወት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ይመስል ነበር። አጃቢዎቹ በሙሉ ደጅ ቀርተው ሙሽራው ብቻውን ገባ።

መፍትሔው ሰው መላክ ነው። መዳፍ የምታህል መቅረጫ ይዞ በጥር ሠርግ ቤት የሚሄድ አንድ ጋዜጠኛ ከብዙ ሺህ ብር ማሰራጫ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ዳስ ለቀረጻ ከምንገምተው በላይ ምቹ ቦታ ነው፤ ጨርቁና ቅጠሉ ማሚቶውን ይውጡታል፣ ቆርቆሮ ቤት ግን ይመልሰዋል። ጄኔሬተሩን ከቤቱ ጀርባ ማራቅ፤ መቅረጫውን ከድምፅ ማጉያው ፊት ሳይሆን ከአዝማሪው ፊት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ወደ ማሲንቆው ቆዳ አዙሮ ማስቀመጥ፤ ነፋስ ካለ መቅረጫውን በስስ ነጠላ መሸፈን። እልልታው ሲነሣ መቅረጫው እንዳይጨናነቅ መጠኑን አስቀድሞ ዝቅ ማድረግ። ከዚያ አዝማሪውን ስሙን፣ አገሩን፣ ማን እንዳስተማረው መጠየቅና ያንንም መቅረጽ።

አክስቴ ይህን ስነግራት ስኒዎቹን መሰብሰብ ትታ ነበር። «ነጠላማ አይጠፋም» አለች። «የእታበባ ልጅ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ነው። መቅረጫውን አንተ አምጣ።»